ዓይኗን ጨፍና የተሳለችው አክስቴ

አክስቴ አሰጋሽ ልትሞት መሆኑን ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ቀድሜ ያወቅኩት እኔ ነኝ። የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ማንም አልነገረኝም፣ ራሴ ነኝ የደረስኩበት። እስከ ዛሬ ድረስ "ገዳዬ" ነው የምትለኝ፤ ስልክ ስትደውል እንኳ "ሄሎ ገዳዬ፣ ምሳ በላሽ?" ብላ ነው የምትጀምረው። አዎ፣ በሕይወት አለች። ትናንት ገላን ኮንዶሚኒየም ድረስ መጥታ፣ አራተኛ ፎቅ እያለከለከች ወጥታ፣ ገና በሩን ስከፍትላት ፀጉሬን አይታ "ይሄን ማን ነው እንዲህ ያበላሸው?" ብላ ስትቆጣ ዋለች።

ነገሩ እንዲገባችሁ ስለ ቤታችን ልንገራችሁ። ያደግኩት አቃቂ ነው፤ ከባቡር ሐዲዱ በታች፣ አያቴ የባቡር ሠራተኛ በነበረበት ጊዜ በሠራው ግቢ ውስጥ። አባቴ ሉቃስ የፋብሪካ መካኒክ ነበር፤ ሰፈሩ የሚያውቀው ግን በእድር ዳኝነቱ ነው። የእድሩ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ድስት፣ ትሪ በሙሉ ግቢያችን ጥግ ባለች የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነበር የሚቀመጠው። ሌሎች ልጆች ሰው መሞቱን በለቅሶ ያውቃሉ፤ እኔ በድስት ኳኳታ ነበር የማውቀው። የእድሩ ጎረምሶች ጠዋት መጥተው የቆርቆሮዋን በር ሲከፍቱ፣ ዳቦዬን እየገመጥኩ ወጣ እልና "ዛሬ ማን ሞተ?" እላቸዋለሁ። እማዬ "አንቺ ልጅ አፍሽን!" ትለኛለች። ምን ላድርግ? የቤታችን ወሬ እሱ ነበር።

ከእድሩ የማይለይ ሌላም ሰው ነበር፤ ሰዓሊው ሳህሌ። ያኔ ጋሽ ሳህሌ ነበር የምለው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጣቶቹ ሁልጊዜ የጠቆሩ ሰው ነው። ቃሊቲ ማረሚያ ቤት አካባቢ ላሉት ሱቆች ማስታወቂያ፣ ለከባድ መኪናዎች ደግሞ አንበሳና ንስር ይስላል። ሰፈራችን ውስጥ ሰው ሞቶ ለለቅሶ የሚሆን ፎቶ ሲጠፋ ግን አባዬ የሚያስጠራው እሱን ነው። የሟቹን የቀበሌ መታወቂያ ይሰጡታል። ከዚያች ጥፍር ከምታክል ፎቶ ላይ በከሰል ትልቅ ፊት ሠርቶ፣ ፍሬም ውስጥ አግብቶ፣ ቀብሩ ሳይደርስ ያመጣል። አልቃሾቹ ያንን ከፍ አድርገው ይይዙና ደረታቸውን ይመታሉ።

እንግዲህ እኔ የማውቀውን አስቡ። ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ፍሬም ውስጥ ያሉት አያቶቼ ናቸው፤ ሞተዋል። ኑሪ ሱቅ ውስጥ ከዘይቱ መደርደሪያ በላይ ፍሬም ውስጥ ያሉት የኑሪ አባት ናቸው፤ ሞተዋል። ሳህሌ የሳላቸው ሁሉ ሞተዋል። ትልቅ ፊት ፍሬም ውስጥ ገብቶ በሕይወት ያለ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። ስለዚህ ሳህሌ አንድ ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ማንም ሳይሞት፣ ድስት ሳይንኳኳ፣ የግቢያችንን በር ሲያንኳኳ ደንገጥ አልኩ።

አክስቴ በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ ጥፍሯን ትቀባ ነበር። ሳሪስ የሴቶች ፀጉር ቤት ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ፀጉር ቤቱ ሰኞ ዝግ ነው። የአባዬ ታናሽ እህት ናት። እናታቸው ስትሞት ገና ልጅ ነበረች፤ አባዬ ነው አሳድጎ ያስተማራት። ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ የሰፈር ሴቶች እሷ ስታልፍ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ከንፈር ይመጥጡላት ነበር። እሷ ደግሞ ዞር ብላ "ምን ጎደለብኝ?" ትላቸዋለች።

"ይቅርታ" አለ ሳህሌ፣ በሩ ላይ ቆሞ፣ ቀና ብሎ አያቴ የተከለውን የወይን ሐረግ እያየ። "ይሄን ሐረግ ትገርዙታላችሁ ወይ? ቅርንጫፉን ፈልጌ ነበር።"

"ምን ያደርግልሃል?"

"ከሰል ላደርገው።"

"ከሰልማ ኑሪ ጋ በፌስታል ይሸጣል።"

"ያ ለወጥ ነው" አለ ሳህሌ። "ለፊት ቀጭንና ለስላሳ ነው የሚሆነው። የወይን ከሰል ደግሞ የሚገርም ነው።"

አክስቴ የጥፍር ቀለሙን ብሩሽ አየር ላይ እንዳለ ይዛ ቀረች። "ለፊት የሚሆን ከሰል! ዮዲ፣ ሰማሽ? እኔ እስከ ዛሬ ፓውደር ስቀባ የኖርኩት በከንቱ ነው።"

እሱም ሳቀ፤ መሰላል አምጥቶ ገረዘ። ቀጫጭኖቹን ቅርንጫፎች እኩል እኩል አድርጎ ቆረጠና የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ ደረደራቸው። ክዳኑን ገጥሞ በሚስማር አንዲት ቀዳዳ በሳና የአክስቴ ምድጃ ላይ ጣደው። ከቀዳዳዋ የሚወጣው ጭስ ሲያቆም ደርሷል ማለት ነው አለን። ሦስታችንም ቆርቆሮውን ከብበን ስናይ ዋልን። ደግሞ ምንም የሚታይ ነገር አልነበረውም! ያ ወይን በዓመት አንዴ ነበር የሚገረዘው፤ በዚያ ዓመት ግን ሰኞ በመጣ ቁጥር ተገርዞ ተገርዞ ራሰ በራ ሆነ። አባዬ "ይሄ ዛፍ ምን በሽታ ገባው?" እያለ መድኃኒት ሲፈልግ ትዝ ይለኛል።

ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ሰኞ ላይ ሳህሌ "ልሳልሽ?" አላት።

"እኔን? ማን ሞተና?"

"ማንም አልሞተም" አለ። "እኔ በሕይወት ያለ ሰው በከሰል ስዬ አላውቅም እኮ። ሁሉም ከመታወቂያ ላይ ነው። ሁሉም እንደ ደነገጡ ነው የሚያዩኝ። አንድ ቀን እንኳ የሚተነፍስ ሰው ልሳል።"

አክስቴ ገብታ ፀጉሯን ሠርታ መጣች።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን መቼም አልረሳውም። ሰሌዳ ላይ ትልቅ ነጭ ወረቀት ወጠረና ከሰሉን በጎኑ ይዞ ወረቀቱን ሙሉውን አጠቆረው! ጥግ እስከ ጥግ። በጨርቅ አሸ፣ በመዳፉ አሸ፣ እንደገና አጠቆረ። እኔ በልቤ ሰውየው አብዷል አልኩ። አክስቴም "እንዴ! ጠይም ነኝ እንጂ ያን ያህልም አይደለሁም" አለች።

"ቆይ" አላት። ወደኔ ዞሮ "ዮዲ፣ ከኑሪ ሱቅ ዳቦ ታመጪልኛለሽ? የዛሬ ዳቦ ይሁን" አለኝ።

ሮጬ አመጣሁ። ከቅርፊቱ ለይቶ ውስጡን አወጣና በጣቶቹ እንደ ሊጥ ጠፈጠፈው፤ ቅርፊቱን ለኔ ሰጠኝ። በዚያች የዳቦ ቁራጭ ጥቁሩን ወረቀት ነካ ሲያደርገው ነጭ ብርሃን ወጣ። አንድ ነካ፣ ግንባር። አንድ ጠረግ፣ ጉንጭ። ጨለማው ውስጥ ተደብቃ የነበረች ይመስል አክስቴ ቀስ በቀስ መጣች። ቅርፊቱ አፌ ውስጥ እንዳለ ማኘክ ረሳሁ።

"አሁን ዓይንሽን ጨፍኚ" አላት።

"ምን ልታመጣ ነው?" አለች አክስቴ እየሳቀች።

ከቦርሳው አንድ ከመጽሐፍ የተቀደደ ወረቀት አውጥቶ አሳያት። ጥቁር ሥዕል ነው። ከጥቁሩ ውስጥ አንዲት ፈረንጅ ሴት ዓይኗን ጨፍና ብቅ ብላለች፤ ቤት የለ፣ ወንበር የለ፣ ፊት ብቻ። "ድሮ የነበሩ ሰዓሊዎች ናቸው" አላት። "ማታ እማር በነበረበት ጊዜ አስተማሪያችን ነው ያሳየን። የሰውን መልክ ብቻ ሳይሆን ውስጡ ያለውን፣ የሚያልመውን እንስላለን ብለው የተነሱ ናቸው። ለዚያ ከከሰል የተሻለ አላገኙም። ቀለም ቢሆን ቀሚስሽን ታሳዪኛለሽ፣ ጥፍርሽን ታሳዪኛለሽ። በከሰል ግን ጥቁር አለ፣ አንቺ አለሽ፣ በቃ።"

"እና አሁን ምን እያለምኩ ነው?" አለች፣ ዓይኗን ጨፍና።

ሳህሌ ትንሽ አያትና "ምሳ" አለ።

"አወቅክብኝ!"

በሳቅ ፈረሱ። እኔ ግን አልሳቅኩም። የሞቱትን ሰዎች ዓይናቸውን ገልጦ ነበር የሚስላቸው፤ አክስቴን ደግሞ በቁሟ ዓይኗን አስጨፍኖ! ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ማስረጃው ግን በዚያ አላበቃም። አክስቴ ምግብ መብላት ተወች፤ እማዬ "ምነው፣ እህሉ ጠላሽ?" ስትላት "ልቤ ሞልቷል" ትላለች። ብቻዋን በረጅሙ ትተነፍሳለች፣ ብቻዋን ትስቃለች። የምትወደውን ቀይ ጃኬቷን ለእማዬ፣ ያንን ሁሉ ዶቃዋን ለኔ ሰጠች፤ "እኔ እንግዲህ ይሄን ምን አደርገዋለሁ" አለች። አንድ ምሽት ደግሞ አባዬ ሳሎን ውስጥ ጠረጴዛውን ሲደበድብ ሰማሁት። "እኔ በቁሜ እያለሁ ለዚያ የለቅሶ ሰዓሊ አሰጋሽን አልሰጥም!" አለ። እማዬ "አንተ ብቻህን ነህ የማትፈልገው፣ እሷ እኮ ተስማምታለች" አለችው። ተስማምታለች! ብርድ ልብሴ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ።

ዛሬ ሁሉንም አውቀዋለሁ፤ አክስቴ ራሷ ሻይ እየጠጣን አሥሬ ነግራኛለች። ሳህሌ ሊያገባት ፈልጓል፣ እሷም ከመጀመሪያው የቆርቆሮ ከሰል ጀምሮ ወዳዋለች። አባዬ ግን አሻፈረኝ አለ። "ሰው ሲያገባ በአበባ ይጀምራል፤ ይሄ በመቃብር ሊጀምር ነው" ይል ነበር። ቋሚ ደመወዝም የለውም፣ ጣቱ ጥቁር ነው፣ ሰፈሩ ሲያየው ያማትባል። አክስቴ ደግሞ ያሳደጋትን ወንድሟን ሳታስፈቅድ ከዚያ ግቢ እንደማትወጣ ለሳህሌ ነግራዋለች። አባዬ እሺ ካላለ አለቀ፣ እዚያው ትቀራለች። ነገሩ ይሄ ነበር፤ እኔ ግን የሰማሁት በሰባት ዓመት ጆሮዬ ነው።

እናም አክስቴን ለማዳን ተነሳሁ።

ዘዴዬ ቀላል ነበር፤ ሥዕሉ ካላለቀ ፍሬም ውስጥ አይገባም፣ ፍሬም ውስጥ ካልገባች አትሞትም። ሥዕሉ ከሰኞ እስከ ሰኞ የሚቀመጠው የእድሩ ዕቃ ቤት ውስጥ ነው። የቁርስ ዳቦዬን ውስጡን ቆጥቤ፣ እንደ ሳህሌ ጠፍጥፌ፣ ቀስ ብዬ ገባሁ። ከድስቶቹ መሀል ቆሜ የጨፈኑትን ዓይኖቿን ጠረግኩ። ክፍት ዓይን ላደርግላት ነበር ሐሳቤ፤ የወጣው ግን ሁለት ነጭ ጉድጓድ ነው። በጣም ነው ያስፈራው፤ ቢሆንም ዓይኗ ተከፍቷል ብዬ ደስ አለኝ።

ሰኞ ሳህሌ ሥዕሉን አውጥቶ ቀረብ ብሎ መረመረው። አክስቴ መጥታ አየች። እኔን አየች። አገጬ ላይ የከሰል ምልክት ነበር።

"አይጥ ነው" አለች አክስቴ። "እዚያ ቤት ውስጥ አይጥ አለ፣ ዳቦው ሸትቶት ይሆናል።"

"አይጥ ዓይን ለይቶ ይበላል?"

"የአቃቂ አይጥ ጎበዝ ነው። ምን ይደረግ፣ እንደገና ጀምረው።"

እሱም እንደገና አጠቆረ፣ እንደገና አወጣ። በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ጠረግኩ። አክስቴ እንደገና አይጡን ረገመች። ምስኪኗ አክስቴ መሞቻዋ እየራቀላት መሆኑን አታውቅም እያልኩ አዝንላት ነበር። ለካ እሷ በኔ ምክንያት አንድ ሰኞ በተጨመረላት ቁጥር ውስጥ ውስጡን ትጨፍር ኖሯል!

ከሰል ደግሞ ካላስያዙት ይራገፋል። ለማስያዝ የፀጉር ስፕሬይ ይበቃል፤ ሳህሌ ስፕሬይ እንድታመጣ በየሳምንቱ ይለምናታል፤ እሷም በየሳምንቱ "ውይ! ፀጉር ቤት ረሳሁት" ትለዋለች። ትዝታዋ ጠፍቷል፣ ሕመሙ ጭንቅላቷ ደርሷል አልኩ። በኋላ ስጠይቃት ስፕሬዩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር አለችኝ፤ "እሱም ያውቃል፤ ቦርሳዬ ሲወድቅ ድምፁን ሰምቷል" አለች።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉልኝ። በተጠረገና በተሠራ ቁጥር ያ ሥዕል እየተለወጠ ሄደ። የጠረግኩት ብርሃን ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ አዲሱ ጥቁር ሥር ሆኖ ይታያል። የሽፋሽፍቶቿ ዙሪያ ከውስጥ መብራት የበራበት ያህል ሆነ። ሳህሌ ዛሬም "እሱን እኔ አልሠራሁትም፣ አይጧ ናት" ይላል። ስለዚህ እኔም የሥዕሉ ሰዓሊ ነኝ፤ ስም ግን አልተጻፈልኝም።

ከዚያ ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ እሑድ ጠዋት እማዬ በጊዜ ቀሰቀሰችኝ። አዲስ ልብስ አለበሰችኝና "ጓዳ እንዳትገቢ፣ በረንዳው ላይ ቁጭ በይ" አለችኝ። አክስቴን ፈለግኳት፤ ክፍሏ ባዶ ነው፣ አልጋዋ ተነጥፏል፣ እሷ የለችም። "አሲዬስ?" ስል እማዬ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ "ሽሽ" አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ሮሪሳ ናቸው፤ የሰፈራችን ትልቅ ሽማግሌ፣ ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁት፣ ሰው ሲሞት መርዶ የሚነግሩት እሳቸው ናቸው። ከኋላቸው ሁለት ሽማግሌዎች፣ ሁሉም ነጭ ጋቢ ለብሰዋል። ልክ እንዲህ ሆነው፣ ልክ እንዲህ በማለዳ፣ የእማዬ ወንድም የሞተ ጊዜ መጥተው ነበር። አንደኛው ሽማግሌ በነጠላ የተጠቀለለ አራት ማዕዘን ነገር ታቅፈዋል። በመስኮት አጮልቄ አየሁ። አባዬ ቆሞ ተቀበላቸው።

"አንቀመጥም ሉቃስ" አሉ ጋሽ ሮሪሳ። "የመጣንበትን ሳትሰማን አንቀመጥም።"

ለጋብቻ የተላከ ሽማግሌ ቁጭ በሉ ካልተባለ እንደማይቀመጥ፣ ቁጭ በሉ ከተባለ ደግሞ ነገሩ እንዳለቀ ዛሬ አውቃለሁ። ያኔ የማውቀው መርዶ የሚነግሩ ሰዎች ቆመው ወለሉን እንደሚያዩ ብቻ ነበር፤ እነዚህም ቆመው ወለሉን ያያሉ።

"ልጁ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ ብሎ ይሄን ሰጥቶናል" አሉ ጋሽ ሮሪሳ፣ ነጠላውን እየፈቱ። "እየው።"

መስታወቱ አብረቀረቀ። ፍሬም! ፍሬም ውስጥ አክስቴ። ዓይኗን ጨፍናለች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሰፈሩ እስከ ዛሬ ያወራዋል። ከበረንዳው ዘልዬ፣ በሩን በርግጄ፣ መንገዱ መሀል ቆሜ ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጮህኩ። "ኡኡ! አሲዬ ሞተች! አሲዬን ፍሬም ውስጥ አስገቧት!"

ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ማንም አልሰማውም፤ የመጀመሪያው በቂ ነበር። ኑሪ የስኳር መስፈሪያውን እንደያዘ ከሱቁ ወጣ። ጎረቤታችን እትዬ አሰፋች ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ "አሰጋሽዬ! ምነው ሳታገቢ!" እያለች ገባች። ሴቶቹ ተከታተሉ። የእድሩ ጎረምሶች ከየቤታቸው ሮጠው መጥተው ማንንም ሳይጠይቁ የቆርቆሮዋን ቤት ከፈቱ፤ ድስት ይንኳኳል፣ የድንኳን ብረት ይወጣል። "ጋሽ ሉቃስ፣ በየት በኩል እንትከለው?" ይላሉ።

አባዬ ግራ ገብቶት ወጣ። "ማን ሞተ?"

"አሰጋሽ!" አለ ሰዉ ሁሉ።

"አሰጋሽ? አሰጋሽ ጓዳ ናት!"

"ጓዳ ነው እንዴ ያረፈችው?" ብላ እትዬ አሰፋች ድምጿን ጨመረች።

በዚህ መሀል የጓዳው በር ተከፈተና አክስቴ ወጣች። አረንጓዴ ቀሚሷን ለብሳለች፣ ፀጉሯ ተሠርቷል፣ ከንፈሯ ተቀብቷል። እትዬ አሰፋች "በስመ አብ!" ብላ ኑሪ ላይ ወደቀች፤ ስኳሩ ተደፋ።

"ማነው ሞተች ያለው?" አለች አክስቴ።

ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ጠቆመ። ሮጬ እግሯን አቀፍኩ። ትሞቃለች። "አትሂጂ" አልኳት እየተንሰቀሰቅኩ። "ጋሽ ሳህሌ ዓይንሽን አስጨፍኖ ሳለሽ። እኔ በዳቦ አጠፋሁት፣ እሱ እንደገና ሳለው። አሁን ደግሞ ፍሬም ውስጥ ነሽ። ጋሽ ሮሪሳ ይዘውሽ መጡ።"

አክስቴ መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ፊቴን በመዳፏ ጠረገችና፣ ቀና ብላ ያንን ሁሉ ሰው አየች። ለወራት አባዬ ፊት ያልወጣት ቃል ያኔ ወጣት።

"አልሞትኩም" አለች። "ላገባ ነው እንጂ። ጋሼ እሺ ካለኝ፣ ሳህሌን ላገባ ነው።"

እትዬ አሰፋች እልልታዋን ልትለቀው አፏን ስትከፍት ኑሪ በክርኑ ጎሰማት። "ቆይ እንጂ፣ ገና እሺ አላለም" አላት።

ሰዉ ሁሉ ወደ አባዬ ዞረ። ጋሽ ሮሪሳ ፍሬሙን እንደያዙ በረንዳው ላይ ቆመዋል። አባዬ ቀስ ብሎ ሄዶ ተቀበላቸውና ወደ ፀሐይ አዙሮ አየው። ቀደም ሲል ሳሎን ውስጥ በቁጣ ዓይኑ ነበር ያየው፤ አሁን ሰው ሁሉ ሞታለች ብሎ ካለቀሰባት በኋላ ነው የሚያየው። ከዚያ ሁሉ ጥቁር ውስጥ አክስቴ ብቅ ብላለች። ግንባሯ ላይ አንድም መስመር የለም። ከንፈሯ ሊስቅ ነው። ዓይኗን የጨፈነችው ማየት ስለማትፈልግ ሳይሆን የምታየው ነገር ደስ ስላላት ነው። ይሄን በሰባት ዓመቴ አላየሁትም፤ አባዬ ግን አየው።

"እንዲህ ሆነሽ የት ነው የተቀመጥሽው?" አላት።

"በረንዳው ላይ።"

"እኛ በረንዳ?"

"እኛ በረንዳ። ሰኞ ሰኞ፣ አንተ ሥራ ስትሄድ።"

"እናታችን ከሞተች ወዲህ ይሄን ፊትሽን አይቼው አላውቅም" አላት። "እዚሁ አብረሽኝ እየኖርሽ፣ በየቀኑ እያየሁሽ፣ አንድ ቀን እንኳ አላየሁትም። እሱ እንዴት አገኘው?"

"ጠይቆኝ ነዋ፣ ጋሼ" አለች አክስቴ።

አባዬ በሸሚዙ እጅጌ ዓይኑን ጠረገ። ፍሬሙን ደረቱ ላይ አስደግፎ፣ እንደ ተቆጣ ሰው ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ።

"እናንተ ደግሞ ምን ትገተራላችሁ?" አላቸው። "ቁጭ በሉ እንጂ!"

ግቢው በእልልታ ተናጋ። ጋሽ ሮሪሳ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወንበር እስኪፈልጉ ድረስ ግን አክስቴ በአረንጓዴ ቀሚሷ፣ የፈሰሰው ስኳር ላይ፣ እያለቀሰችም እየሳቀችም፣ ከሽማግሌዎቹ ሁሉ ቀድማ መሬት ላይ ቁጭ አለች።